ዓሣው ወደ ላይ

ሴቱባል ወደብ ላይ፣ መረብ ከሚጠገንበት ማዶ፣
የማታ ትምህርት ቤት አለችን፣ አንድ ክፍል፣ ጣሪያዋ ተቀዶ።
ዝናብ ሲመጣ ባልዲ እንደቅናለን፤
ጠብታው ሲቆጠር እኛም ፊደል እንቆጥራለን።

አንድ ማክሰኞ ማታ «ጻፉ» አልኋቸው፣
«ከፊደል ጋር መጀመሪያ የት እንደተገናኛችሁ፣ ማን እንዳገናኛችሁ።»

ዴኦሊንዳ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤
አርባውን ሰርዲን በቆርቆሮ ስታሽግ ነው ያሳለፈችው።
በጣቶቿ ላይ የክዳን ስለት የጻፈው
ከእኔ ሰሌዳ ይበዛል፤ ማን ሊያነበው?

ቀድማ ጨረሰች።
«ትምህርት ብርሃን ነው» ይላል ወረቀቷ፣
«ያልተማረ በጨለማ ይሄዳል፤
እኔም ከጨለማ ወጣሁ፣ ለመምህሬ ምስጋና ይድረሰው።»
ስሜን ከነማዕረጉ ጽፋዋለች። ደስ አላለኝም አልልም።

ግን መለስሁላት።
«እውነት ነው» አልኋት፣ «ያንቺ ግን አይደለም።
ጎረቤትሽም ይፈርምበታል፤
ከንቲባውም ለበዓል ንግግር ይወስደዋል።
ይህ ከአንገት በላይ ነው። የራስሽን ጨለማ አምጪው፤
ስንት ሰዓት ነበር? በእጅሽ ምን ነበር የያዝሽው?»

«መምህር ኤርሚኒዮ፣ ሆድ ይፍጀው ያልሁትን ነው?» አለች፤
ሻርፗን ጠቅልላ በዝናቡ ወጣች።
ሁለት ሳምንት ወንበሯ ባዶውን ዋለ፣
ምላሴም አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደ፣ እዚያው አለ።

በሦስተኛው መጣች። ወረቀቱን ዘይት ነክቶታል፤
መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይንሸራተታል።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የፋብሪካው ጡሩምባ ገና አልነፋም።
ዶና ግራሲዬት ወረቀትና አራት ሚስማር ሰጠችኝ፤
በሩ ላይ ምቺው አለችኝ።
የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ አላውቅም።
አልጠይቅም፤ ብጠይቅ ይታወቅብኛል።
ግን የፋብሪካው ማኅተም፣ ሰማያዊው ዓሣ፣
ሁልጊዜ ከአናት ላይ ይዋኛል።
ዓሣውን ወደ ላይ አድርጌ አራቱንም ጥግ መታሁ።
ቀጥ አለ። ኮራሁ።
እያንጎራጎርሁ ነበር።

የተባረሩ ሰዎች ስም ነበር።
ሦስተኛዋ እህቴ ናት።

እሷም አታነብም። አብረን ገባን፣ ሽርጥ ታጠቅን፣
ቢላ አነሣን፣ የስንት ዓሣ አንገት ቆረጥን፣
ዘበኛው መጥቶ ክርኗን እስኪይዛት ድረስ።
በሩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ አላት።
ዞራ አየችኝ።
ሚስማሩን ማን እንደመታው ታውቃለች።

ፊደል የጀመርሁት ያን ቀን ነው፤ ከክዳን ላይ፣ ተደብቄ፤
ለመማር አይደለም፤ ስሟ የትኛው እንደሆነ አውቄ
በጥፍሬ ልፍቀው ብዬ።
ዝናቡ ቀደመኝ።

እስከ ዛሬ ወረቀት ሲሰጡኝ፣ የመብራት ይሁን የሐኪም፣
መጀመሪያ ዓሣውን ነው የምፈልገው።
የለም።»

አበቃ።
«ከዚያ ወዲህ» አይል፣ «ስለዚህ» አይል፣
ብርሃን የሚል ቃል አንድ እንኳ የለበትም።
ክፍሉ ዝም። ባልዲው ብቻ ጠብ፣ ጠብ።

ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
የእህቷ ስም፣ ፊሎሜና፣ አንድ ፊደል ጎድሎበት አገኘ።
ላስተካክል ስል እጄን ያዘችው፤
«ተወው» አለች፣ «ዝርዝሩ ላይ እንዲያ ነበር የተጻፈው።»

ሁሉም ሄዱ። እኔ ቀረሁ፣ ከባልዲው አጠገብ፣
ለሠላሳ ዓመት ያዘዝሁትን አንድ ጊዜ ልታዘዝ ብዬ።
«አባቴ መጻሕፍት ይወድ ነበር» ብዬ ጀመርሁ።
እውነት ነው።
የእኔ ግን አይደለም።
ሰረዝሁት።

የእኔ ሌላ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ የዶና ዙልሚራ ደጅ፣
ልጇ ከባሕር ማዶ የላከው ደብዳቤ፣
ለሃያ ሳንቲም፣ ጮክ ብዬ፣
አንዱን አንቀጽ ዘልዬ።
«እንዴት ታነባለህ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።
የዘለልሁትን
ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።